ለልጄ፦ እጄን መዘርጋት የተማርኩበት ጾም

ሽሮ ሜዳ፣ ሰኔ

ልጄ፣ የኔ ዓለም፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይክበር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው እሑድ በቴሌግራም የላክሽልኝን ድምፅ ሦስቴ ደጋግሜ ሰማሁት። በስልክ ልመልስልሽ አስቤ ነበር። ግን የኔና ያንቺን ስልክ ታውቂዋለሽ፤ ግማሹ «ትሰሚኛለሽ?» ነው፣ ግማሹ ለቅሶ ነው። ስለዚህ ወረቀት ላይ ልጻፈው አልኩ። ልጅቷ፣ የእህቴ የልጅ ልጅ፣ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች።

ሁለት ነገር ነው የነገርሽኝ። አንዱ ሽበትሽ ነው። በ43 ዓመትሽ መስታወት ፊት ቆመሽ ግንባርሽ ላይ ሽበት አየሽና ደነገጥሽ። ሌላው እዚያ አሜሪካ የምትንከባከቢያቸው እናት ናቸው። 88 ዓመታቸው ነው፣ ድሮ አስተማሪ ነበሩ፣ ገላቸውን ባጠብሻቸው ቁጥር ያለቅሳሉ አልሽኝ። «እማዬ፣ ምን ልበላቸው? ባንቺ ቢደርስ ምን ቢሉሽ ትወጂ ነበር?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

ልጄ፣ በኔም ደርሷል። ደብቄሽ ነው።

በዓቢይ ጾም ነው፣ የመፃጉዕ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። ልብስ አጥቤ የሳሙናውን ውኃ ደጅ ስደፋ ሲሚንቶው አዳለጠኝ። በቀኝ እጄ ልደገፍ ስል አንጓው ላይ ተሰበረ። ጎረቤቱ ወጌሻ ይሻላል አለ፤ ልጅቷ ግን እንቢ ብላ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ጄሶ አሰሩልኝ። 6 ሳምንት አይፈታም አሉ። ፋሲካንም በጄሶ ዋልኩ። በበዓሉ ቀን ስትደውዪ «እጄ ሊጥ ነክቷል፣ በቪዲዮ አልችልም» ያልኩሽ ውሸት ነበር። ይቅር በይኝ። እዚያ ሆነሽ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው እንዳልልሽ፣ እሱ ግማሹ ብቻ ነው። አንቺም ብትሆኚ እንደዚያ ሆኜ እንድታዪኝ አልፈለግኩም።

ቀኝ እጅ ሲታሰር ሰው ምን እንደሚያጣ የሚያውቀው ያኔ ነው። ነጠላዬን ማጣፋት አቃተኝ። ፀጉሬን ማሰር አቃተኝ። ጠዋት ተነስቼ ላማትብ ስል ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። ገላዬን መታጠብማ አይታሰብም። ልጅቷ፣ ኮሌጅ የምትማረው፣ ታውቂያታለሽ፣ «እማማ፣ ላጥብዎት» አለችኝ። አይሆንም አልኳት። በማግስቱም ጠየቀችኝ። አይሆንም አልኩ። በሦስተኛው ቀን ተቆጣኋት።

እኔ እኮ ዕድሜዬን ሙሉ እንግዳ ሲበላ ቆሜ ያሳለፍኩ ሴት ነኝ። ሰው ከእጄ ይበላል፤ እኔ ከሰው እጅ አልበላም። አባትሽን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ያጠብኩት እኔ ነኝ። ያኔ ምን ይሰማው እንደነበር አንድም ቀን አልጠየቅኩትም። ይኼ አሁን ድረስ ያሳዝነኛል።

የመፃጉዕ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አልቻልኩም። ልጅቷ ሄዳ መጣችና የተሰበከውን ነገረችኝ። ታሪኩን ታውቂው የለ? ቤተ ሳይዳ መጠመቂያው አጠገብ 38 ዓመት የታመመው ሰው። ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» ብሎ ቢጠይቀው፣ «ውኃው በተናወጠ ጊዜ በመጠመቂያይቱ ውስጥ የሚያኖረኝ ሰው የለኝም» ብሎ መለሰ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ንባብ ነው። ሁልጊዜም ሰውየው አንጀቴን ይበላዋል።

ረቡዕ ማታ ጎረቤታችን ልትጠይቀኝ መጣች። ልጅቷ ቡና አፈላችልን። እኔ ለጎረቤቴ ብሶቴን እዘረግፋለሁ። «ምን ላድርግ እቴ፣ ልጄ አሜሪካ፣ ባሌ አፈር፣ ሰው የለኝ» እላታለሁ። ጎረቤቴ ስትሄድ ልጅቷ ሲኒዎቹን እያነሳች፣ ቀና ሳትል፣ ድምፅዋንም ከፍ ሳታደርግ፣

«እማማ፣ እኔ ሰው አይደለሁም?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። 38 ዓመት የተኛው ሰው እውነቱን ነው፤ ሰው አልነበረውም። የኔ ሰው ግን እዚያው ፊቴ ሲኒ ታነሳለች።

«ውኃ አሙቂልኝ» አልኳት።

ሳፋውን መኝታ ቤት አስገባች። በሩን ዘጋች፣ መጋረጃውን ሳበች። ጄሶዬን በላስቲክ ጠቀለለችና በፀጉሯ ማሰሪያ አሰረችው። ትከሻዬ ላይ ነጠላ ጣል አደረገችልኝ። የምታጥበውን ቦታ ብቻ ገለጥ ታደርጋለች፣ ስትጨርስ መልሳ ትሸፍናለች። ውኃውን መጀመሪያ በራሷ ክንድ ላይ ጠብ አድርጋ ሙቀቱን ታያለች፣ ከዚያ በጣሳ ቀስ አድርጋ ታፈስልኛለች። አንቺን ሕፃን ሆነሽ የማጥብሽ ልክ እንደዚያ ነበር። ይህን ማን አስተማራት?

ጀርባዬ ላይ ስትደርስ አለቀስኩ። «ሳሙና ዓይንዎ ገባ እንዴ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት።

ስለዚህ እኒያ እናት ለምን እንደሚያለቅሱ አውቃለሁ። ውኃው ቀዝቅዟቸው አይደለም፣ እጅሽም ሻክሯቸው አይደለም። ስንት ልጅ ፊደል ያስቆጠሩ ሴት ናቸው። አሁን አንዲት ልጅ ብብታቸውን ታጥባለች። ያቺ የሚያውቋት አስተማሪ የት እንደሄደች ነው የሚፈልጉት።

የዚያን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ቡልጋ ያደግኩበት ቤት ትዝ አለኝ። ማታ ማታ ከራት በፊት የአያቴን እግር የማጥበው እኔ ነበርኩ። ተረከዟ የተሰነጣጠቀ ነበር፣ ጭቃው ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። በጣቴ ቀስ እያልኩ አወጣዋለሁ። አጥቤ ስጨርስ ጎንበስ ብዬ እግሯን እስማለሁ። እሷም እጇን ራሴ ላይ አድርጋ ትመርቀኛለች። «እደጊ፣ ተመንደጊ፣ የወለድሽው ይባረክ፣ ያጠበ እጅሽ አይጠር» ትላለች። እኔ አሜን እላለሁ። ምርቃቱ ከእጥበቱ ይረዝማል። እንቅልፌ ይመጣል፣ እሷ ግን አትጨርስም።

አያቴ እግሯ ሲታጠብ አፍራ አታውቅም። ለምን? ስትታጠብም ሥራ ነበራትና ነው። እኔ ውኃ እሰጣታለሁ፣ እሷ ምርቃት ትሰጠኛለች። ማናችንም ባዶ እጃችንን አንነሳም። እኔ ግን ያን ረቡዕ ማታ ታጥቤ፣ ተደራርቤ ለብሼ፣ ልጅቷን ያለ አንድ ቃል አሰናበትኳት። የሰጠችኝን ተቀብዬ የኔን ነፈግኳት።

ቅዳሜ ስታጥበኝ ግራ እጄን ራሷ ላይ አድርጌ መረቅኳት። አያቴ የምትለውን ሁሉ አልኩ፣ የራሴንም ጨመርኩበት። ፈተናዋን እንድታልፍ፣ ደግ ባል እንዲሰጣት፣ እናቷን ለመጦር እንድትበቃ። ልጅቷ አሜን እያለች ሳሙናው እጇ ላይ ደረቀ። ከዚያ ቀን በኋላ መታጠብ አላስለቀሰኝም።

ጸሎተ ሐሙስ ደረሰ። ቤተ ክርስቲያን ሕጽበተ እግር ላይ ተገኘሁ። ካህናቱ የወይራና የወይን ቅጠል በያዘው ውኃ እግር ሲያጥቡ በየዓመቱ አያለሁ። ከንባቡ ሁልጊዜ ልቤን የሚነካው ጌታ ጎንበስ ማለቱ ነበር። ዘንድሮ ግን ያየሁት ጴጥሮስን ነው። «የእኔን እግር ለዘላለም አታጥብም» ይላል። እኔ ነኝ! ሦስት ቀን ሙሉ ያልኩት ይህንኑ ነው። ትሕትና ይመስላል፣ ግን ኩራት አለበት። ጌታም «ካላጠብሁህ፥ ከእኔ ጋር ዕድል የለህም» አለው። እስቲ አስቢው፣ ልጄ። ማጠብ ብቻ መስሎኝ ነበር የክርስቲያን ሥራ። መታጠብም ትእዛዝ ኖሯል።

ቤት ስመለስ ጉልባኑን እየበላን ይህን ለልጅቷ ነገርኳት። እሷ ደግሞ ስልኳ ላይ ወንጌሉን ከፍታ እዚያው ዮሐንስ ላይ፣ መጨረሻው ምዕራፍ፣ ያንኑ ጴጥሮስን አሳየችኝ። ከትንሣኤ በኋላ ጌታ እንዲህ ይለዋል፦ «አንተ ጎልማሳ ሳለህ ወገብህን በገዛ ራስህ ታጥቀህ ወደምትወደው ትሄድ ነበር፤ ነገር ግን በሸመገልህ ጊዜ እጆችህን ትዘረጋለህ፥ ሌላውም ያስታጥቅሃል»። በምን ዓይነት ሞት እንደሚሞት ሲያመለክተው ነው ይላል ወንጌሉ። እኔ ግን ሳነበው ቀሚሴን የምታስታጥቀኝ ልጅ አጠገቤ ቁጭ ብላለች። እና ከዚህ ሁሉ በኋላ ጌታ ምን አለው? «ተከተለኝ» ነው ያለው። እየሮጠ ባሕር ውስጥ የሚዘለውን ጴጥሮስ ብቻ አልጠራም። እጁን ዘርግቶ ሌላ የሚያስታጥቀውንም ጴጥሮስ ይፈልገዋል። አሁን የሐዋርያት ጾም ላይ ነን፤ ሐምሌ 5 የጴጥሮስና የጳውሎስ በዓል ሲሆን ጴጥሮስን እንደ ድሮው አላስበውም።

እጅ መዘርጋት ስንል እኛ የምናስበው ልመና ነው። ነውር ነው፣ አንገት ያስደፋል። ግን የምንጸልየውም እጃችንን ዘርግተን ነው። ዳዊትም «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» ይላል። ያው እጅ ነው። ዕድሜዬን ሁሉ ወደ ላይ ስዘረጋው አላፈርኩም፤ ወደ ልጅቷ ስዘረጋው ለምን አፍራለሁ? እሷንስ የላከልኝ ማን ሆነና?

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ለእኒያ እናት ምን ልበላቸው አልሽኝ። ምንም አትበያቸው። «አይዞዎት፣ ምንም አይደለም» አትበያቸው፤ ምንም አይደለም ሲባል ያማል። ነጠላ ወይም ፎጣ ትከሻቸው ላይ አድርጊ። ውኃውን መጀመሪያ በክንድሽ እዪው። አጥበሽ፣ አድርቀሽ፣ አልብሰሽ ስትጨርሺ ግን አጠገባቸው ቁጭ በይና «በኔ አገር ወጣት ትልቅ ሰው አጥቦ ሲጨርስ ይመረቃል። እባክዎ ይመርቁኝ» በያቸው። እጃቸውን አንስተሽ ራስሽ ላይ አድርጊው። ባህላቸው ላይሆን ይችላል። ቃሉ ላይመጣላቸው ይችላል። አስተማሪ ነበሩ ብለሽኛል፤ አስተማሪ ለልጅ የሚመኘውን መልካም ነገር አይረሳም። ዝም ቢሉም እጃቸው ራስሽ ላይ ይቆይ። አንቺ አሜን በይ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ በድምፅሽ ውስጥ ሰምቼዋለሁ። «የሰው እናት እያጠብኩ የራሴን እናት ጥዬ» ብለሽ ሳትጨርሺ ተውሽው። ልጄ፣ ይህን ከልብሽ አውጪው። አንቺ እዚያ ቨርጂኒያ ልጇ ራቅ ያለባትን እናት ታጥቢያለሽ። እዚህ ሽሮ ሜዳ አንቺ የራቅሽባትን እናት አንዲት ልጅ ታጥባለች። የዚህችም ልጅ እናት ገጠር ናት፣ እሷንም ቀን ሲመጣ አንድ ሰው ይደግፋታል። ማን ለማን እንደሚከፍል የሚያውቀው እግዚአብሔር ነው። እኔ ያንቺ እጅ እኒያ እናት ላይ ሲያርፍ እዚህ ሆኜ ይሰማኛል ብልሽ እመኚኝ። ብር ስትልኪ ታግዢኛለሽ፤ እዚያ በደግነት ስታጥቢ ግን ትጦሪኛለሽ።

ስለ ሽበትሽ ረጅም አልጽፍም። ብትቀቢውም ባትቀቢውም ያንቺ ነገር ነው፣ በዚህ ነገር ሰው ላይ አልፈርድም። ግን መጽሐፈ መክብብን፣ ምዕራፍ 12ን፣ አንድ ማታ ረጋ ብለሽ አንብቢው። እርጅናን የሚያቆላምጥ እንዳይመስልሽ። ቤት ጠባቂዎች ይንቀጠቀጣሉ ይላል፤ እጆቻችን ናቸው። ፈጪታዎች ሥራ ይፈታሉ ይላል፤ ጥርሶቻችን ናቸው። በመስኮት የሚያዩት ይጨልማሉ ይላል፤ ዓይኖቻችን ናቸው። አንድም ነገር አልደበቀም። ሽበት ላይ ሲደርስ ግን «ለውዝም ሲያብብ» ይላል። የለውዝ ዛፍ ሲያብብ ነጭ ነው አሉ፤ እኔ አይቼው አላውቅም። አንቺ አገር ካለ ሲያብብ ሄደሽ እዪልኝ።

ይልቅ የሚቆጨኝን ልንገርሽ። እኔና አባትሽ ቁርባን የሕፃናትና የአሮጊቶች ብቻ ይመስለን ነበር። ጎልማሳ ሲቆርብ እንኳ «ምን ሆኖ ነው?» እንል ነበር። ትዳራችንን በቁርባን ያጸናነው 60 ዓመት ካለፈን በኋላ ነው። አብረን የቆረብነው ሰባት ዓመት ብቻ ነው፣ ከዚያ እሱ አረፈ። ሰባት ዓመት! 40 መሆን ይችል ነበር። አንቺ ከባልሽ ጋር ተነጋገሪበት። የንስሐ አባትም ያዙ። እርጅና ሲመጣ የሚጀመር ነገር አይደለም፤ እርጅና የሚያገኝሽ የነበርሽበት ቦታ ላይ ነው።

ጾሙም እንደ ድሮው አይደለም። ዘንድሮ የንስሐ አባቴ ለግፊት መድኃኒቱ ስትይ ጠዋት ቅመሺ አሉኝ። «እስከ 9 ሰዓት ያልቆየሁት ምኑን ጾም ሆነ?» አልኳቸው። «መታዘዝም ጾም ነው» አሉኝ። ከረሃቡ ይልቅ ይህ ከበደኝ። ስቅለት ዕለት ደግሞ ሕዝቡ ሁሉ ሲሰግድ እኔ ግድግዳው ሥር ወንበር ላይ ነበርኩ። ጉልበቴም እንደምታውቂው ነው። ሰው ኪርያላይሶን እያለ ሲወድቅና ሲነሳ አንገቴን ብቻ ደፋ ቀና አደርግ ነበር። መጀመሪያ ላይ ተሰምቶኛል። እየቆየ ግን ያ ሁሉ ጀርባ አንድ ላይ ጎንበስ ሲል፣ ድሮ በመካከሉ ሆኜ ያላየሁትን አየሁ። ያንን ሁሉ ሕዝብ በስሙ እየጠራሁ ጸለይኩለት፣ የማውቀውን ያህል።

እንጦጦ ማርያም በእግሬ መውጣቱ ቀርቷል። የጽዋ ማኅበራችን 12 ሴቶች ነበርን፤ 5 ቀርተናል። የኔ ተራ ሲደርስ ዳቦውን የጋገሩት የሟቾቹ ልጆች ናቸው።

ሞት አያስፈራኝም ብዬ አልዋሽሽም። ሌሊት ልቤ ሲመታ እፈራለሁ። ያኔ ዳዊቴን አነሳለሁ። በየቀኑ ተከፋፍሎ ሲደገም 70ኛው መዝሙር ረቡዕ ላይ ይውላል፤ እኔ ግን በየሌሊቱ እደግመዋለሁ። «በእርጅናዬ ዘመን አትጣለኝ፥ ጉልበቴም ባለቀ ጊዜ አትተወኝ»። ዳዊት ንጉሥ ነው፣ ጎልያድን የጣለ ነው፣ እሱ እንኳ ይህን ይለምናል። አሁን መነጽሩም አያስፈልገኝም፣ በቃሌ ይዤዋለሁ። ሁለት ሦስት ጊዜ ስለው ልቤ ይረጋል።

ጄሶው በዳግም ትንሣኤ ሳምንት ተፈታ። ሐኪሙ ጣቶችሽን አሠሪያቸው አለኝ። ልጅቷ የጎማ ኳስ ልግዛልዎት አለች። እኔ እንዝርቴን አወረድኩ። የጋቢሽን ማግ ከጥምቀት ጀምሮ ስፈትል ነበር፣ ጥቂት ነበር የቀረው። እንዝርቱ መጀመሪያ ከእጄ እየወደቀ አስቸገረኝ። ክሩ አንድ ቦታ ይወፍራል፣ አንድ ቦታ ይበጠሳል። እየቆየ ጣቶቼ አስታወሱ።

ሸማኔው ድውሩን ሲያይ «እማማ፣ ይሄ ወፍራሙ ይውጣ፣ ጋቢውን ያበላሸዋል» አለኝ። አይወጣም አልኩት። አንዱ ጫፍ ላይ፣ ከጥለቱ በላይ፣ ሠርቶታል። ጋቢውን የጎረቤታችን ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ሲመጣ ይዞልሽ ይመጣል፣ ደውዪለትና ተቀበዪው። በርበሬና ሽሮም አለበት። ስትደርቢው በእጅሽ ዳብሺው፤ ሻከር የሚልሽ ጋ ስትደርሺ ከጄሶ የወጣችው እጄ ናት።

ልጆቹን ግንባራቸውን ሳሚልኝ። ለባልሽ ሰላምታዬን አድርሺ።

ያጠበ እጅሽ አይጠር፣ ልጄ። አሜን በይ።

እናትሽ